“ልጄ ኢንጂነሪንግ ገባ” ካልን በኋላ፦ ተማሪዎቻችን ብቻቸውን እንዳይቀሩ ምን እናድርግ?

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ወጣ ብለን በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ግን ጮክ ተብሎ የማይወራ ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ጉዳዩ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን የአእምሮ ጤና ነው።

ልጅ ኢንጂነሪንግ ሲገባ ዘመድ ይሰማል፣ ይደገሳል፣ አገር ቤትም ይደወላል። ከዚያ በኋላ ያሉት አራትና አምስት ዓመታት ግን የልጁ ብቻ ናቸው። ካልኩለስ አልገባ ያለው ቀን ለማን ይናገራል? ከ50 20 ያገኘ ቀን ለማን ይደውላል? “እናቴ ብትሰማ ትታመምብኛለች” ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው ሲከርም እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ ከዚያ ከክፍል መቅረት፣ ስልክ አለማንሳት፣ በመጨረሻም ድብርት።

የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነጥብ አንድ ነው። ብዙውን ጊዜ እነዚህን ልጆች የሚጥላቸው የጭንቅላት ማነስ ሳይሆን ብቻቸውን መሆን ነው። የሚደግፋቸው ነገር ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ያንኑ መንገድ አንድና ሁለት ዓመት ቀድሞ ያለፈ ተማሪ፣ አብሯቸው የሚያጠና ቡድንና የማይፈርድባቸው ቤተሰብ ነው። ይህ ደግሞ እንዲሁ የደግ ሰው ምክር ብቻ አይደለም፤ ተጠንቶ የታየ ነገር ነው። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ኢንጂነሪንግ ለምን እንዲህ ያስጨንቃል?

አንደኛው ምክንያት ትምህርቱ እርስ በርሱ የተሰካካ መሆኑ ነው። ካልኩለስ አንድ ሳይታለፍ ካልኩለስ ሁለት የለም። ፊዚክስ ሳይታለፍ ስታቲክስ፣ ስታቲክስ ሳይታለፍ ዳይናሚክስ አይወሰድም። ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ኤፍ ዓመት ሙሉ ወደኋላ ይጎትታል። ስለዚህ አንዲት ፈተና የተበላሸችበት ልጅ የሚያየው አንዷን ፈተና ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ከየትምህርት ቤታቸው ከፊት የነበሩ ልጆች ናቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ “ጎበዝ” ሲባል ያደገ ልጅ፣ ጉብዝናው ስሙ ሆኗል። በእነዚህ ኮርሶች የመጀመሪያ ፈተና ላይ የክፍሉ አማካይ ውጤት 50 አካባቢ ሲሆን ብርቅ አይደለም። ይህን የማያውቅ ልጅ ወረቀቱ ላይ 48 ሲያይ ዓለም ይጨልምበታል። የሚያውቅ ሲኒየር አጠገቡ ቢኖር ግን “ወንድሜ፣ 48 እኮ እዚህ ደህና ነው፤ እኔ 41 ነበር ያመጣሁት” ይለዋል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አንድ ሌሊት እንቅልፍ ታስተኛለች።

ሦስተኛው፣ ሁሉም ሰው የገባው መስሎ መቀመጡ ነው። ፓውሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 ስለዚህ ስሜት ጽፈዋል። የተሳካላቸው ሰዎች ሆነው ሳለ “እዚህ የደረስኩት በስህተት ነው፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል” እያሉ በፍርሃት የሚኖሩ አሉ። የኢንጂነሪንግ ክፍል ለዚህ ስሜት የተመቸ ቦታ ነው። አንዱ ሌላውን እያየ “እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ” ይላል። ሌላውም እሱን እያየ ያንኑ ይላል።

በርክሌይ ላይ የታየው ነገር

በ1970ዎቹ ዩሪ ትራይስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አንድ ነገር ከነከነው። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች የመጀመሪያው ዓመት ካልኩለስ ላይ በብዛት ይወድቁ ነበር። ካልኩለስ ደግሞ ለኢንጂነሪንግ በር ነው፤ እዚያ የወደቀ ወደ ውስጥ አይገባም። መምህራኑ ምክንያቱን ሲጠየቁ የሰጡት መልስ የታወቀ ነበር፦ ፍላጎት ማነስ፣ ደካማ የሁለተኛ ደረጃ ዝግጅት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ማጣት፣ ድህነት።

ትራይስማን በዚህ አልረካም። 20 ጥቁር እና 20 የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎችን ይዞ እንዴት እንደሚያጠኑ መከታተል ጀመረ። ያገኘው ነገር ግምቱን ሁሉ አፈረሰው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ፍላጎት የጎደላቸው አልነበሩም። ቤተሰቦቻቸውም ልጆቻቸው እንዲማሩ አጥብቀው የሚፈልጉና የሚደግፉ ነበሩ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፦ ጥቁሮቹ የሚያጠኑት ብቻቸውን ነው። ጓደኛ ነበራቸው፤ ግን ጓደኝነቱ ለብቻ፣ ጥናቱ ለብቻ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ግን ብቻቸውን ካጠኑ በኋላ ተሰብስበው መልሳቸውን ያስተያዩ ነበር። አንዱ ሌላውን ያርማል፣ ፈተናው ምን እንደሚመስል ይነጋገራሉ፣ ራት አብረው ይበላሉ። አንድ ጥያቄ ለሁሉም ከከበደ “ጥያቄው ነው ከባዱ” ይላሉ። ብቻውን ያለው ልጅ ግን “እኔ ነኝ ደደቡ” ይላል።

ትራይስማን ከዚህ ተነስቶ የቡድን ጥናት ፕሮግራም አቋቋመ። ልብ በሉ፣ “ለደካሞች ማካካሻ” ብሎ አልነበረም ያቋቋመው። ጠንከር ያሉ ጥያቄዎችን ሰጥቶ፣ “እናንተ ጎበዞች ናችሁ፣ አብራችሁ ሥሩት” ነበር ያላቸው። የገቡት ተማሪዎች ውጤት በግልጽ ተሻሻለ፤ ሐሳቡም ወደ ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የእኛ ልጆችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ቅዳሜ ከሐበሻ ጓደኞቻቸው ጋር ይዝናናሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ ይሄዳሉ፤ የቤት ሥራውን ግን በራቸውን ዘግተው ለብቻቸው ይታገሉታል። “ሰው መጠየቅ ድክመት ነው” ብለው ነው ያደጉት።

ተማሪዎቹ ራሳቸው የጀመሩት

ሁለተኛው ታሪክ ኢንዲያና ግዛት ካለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚያ ኢንጂነሪንግ ከሚገቡት ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ አይዘልቁም ነበር። በ1971 ኤድዋርድ ባርኔት እና ፍሬድ ኩፐር የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ወደ ዲኑ ሄደው “የጥቁር ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ማኅበር እናቋቁም” አሉ። ከዚያች ትንሽ ማኅበር ተነስቶ ሚያዝያ 1975 ላይ ከ32 ትምህርት ቤቶች የመጡ 48 ተማሪዎች ፐርዱ ተሰበሰቡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጥቁር ኢንጂነሮች ማኅበር የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ በየካምፓሱ ቅርንጫፍ አለው። አሜሪካ ያለ ልጃችሁ ኢንጂነሪንግ ከጀመረ፣ መጀመሪያ እንዲፈልጋቸው ከምትነግሩት ነገሮች አንዱ ይህ ይሁን።

ሦስተኛው ስለ ሴቶች ልጆቻችን ነው። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የተደረገና በ2017 የታተመ የታራ ዴኔሂ እና የኒላንጃና ዳስጉፕታ ጥናት አለ። አንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ የገቡ 150 ሴቶችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን ከፍ ካለ ዓመት ሴት ተማሪ፣ ለሁለተኛው ወንድ ተማሪ አማካሪ ተመደበ፤ ሦስተኛው ቡድን ምንም አልተመደበለትም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሴት አማካሪ የነበራቸው 100 በመቶ ኢንጂነሪንግ ውስጥ ቀሩ። አማካሪ ካልነበራቸው 89 በመቶ፣ ወንድ አማካሪ ከነበራቸው ደግሞ 82 በመቶ ነበሩ የቀሩት።

የሚገርመው፣ ልዩነቱ የመጣው በውጤት አልነበረም። ለመቆየታቸው ምክንያት የሆነው “ቦታዬ ነው፣ እችለዋለሁ” የሚለው ስሜት ነበር። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የዚያ የአንድ ዓመት ድጋፍ ጥቅም ከተመረቁም በኋላ እንዳልጠፋ አሳይቷል። እንግዲህ አንዲት ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለች ልጅ አንዲትን ፍሬሽ ለአንድ ዓመት ብትይዛት ምን ያህል እንደሚያራምዳት አስቡት።

የእኛ ልጆች ሸክም ሌላ ተጨማሪ አለው

የስደተኛ ልጅ ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም የተሸከመው። አባቱ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ፣ እናቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ድርብ ፈረቃ ስትሠራ አይቷል። “ይህን ሁሉ የከፈሉት ለእኔ ነው” ይላል። እኛም “እኛ እኮ በኩራዝ ነው የተማርነው፣ አንተ ምን ጎደለህ?” እንላለን። ለማበርታት ብለን ነው፤ ልጁ ግን የሚሰማው “መቸገር አይፈቀድልህም” የሚል ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች አንድ ሕግም እወቁ። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው፤ ውጤቱን ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው ያለ እሱ ፈቃድ ለወላጅ አይሰጥም። ሕጉ ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ልጁ ካልነገራችሁ አታውቁም። እንዲነግራችሁ የሚያደርገው ደግሞ መነገሩ የሚያመጣበት ቁጣ ሳይሆን የሚያገኘው ዕረፍት ነው።

ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የመጣው ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለበት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከሆነ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ “ከበደኝ” ብሎ ዝም ብሎ አንድ ኮርስ ቢጥል ቪዛው አደጋ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን በሕመም ምክንያት፣ የአእምሮ ሕመምንም ጨምሮ፣ የሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ደብዳቤ ካለው አስቀድሞ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮውን አስፈቅዶ ጭነቱን መቀነስ ይችላል። ይህን የማያውቅ ስንት ልጅ አለ! ጀርመን ያሉት ደግሞ አንድን የግዴታ ፈተና መሞከር የሚችሉት ለተወሰነ ጊዜ፣ በብዙ ቦታ ሦስት ጊዜ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። የመጨረሻው ካለፈ ያ የትምህርት ዘርፍ ይዘጋል። ሦስተኛውን ፈተና ብቻውን የሚጠብቅ ልጅ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

ከዚያ ደግሞ የዐረብ አገር እህቶቻችን አሉ። ሪያድ ወይም ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች አዳማ ወይም ጅማ ያለ ወንድሟን የምታስተምር እህት ብዙ ናት። አገር ቤት መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ 70 በመቶ የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ከወሰነ ወዲህ ኢንጂነሪንግ የገባው ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። ሁሉም ወዶ አልገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ወንድም ዋርኒንግ ሲደርሰው ለእህቱ አይነግራትም፤ “በላቧ ነው የምማረው” ብሎ ያፍራል። እህቴ ሆይ፣ ብር ስትልኪ አንድ ቃል ጨምሪበት፦ “ወንድምዬ፣ ብትወድቅም ወንድሜ ነህ፤ ብቻ አትደብቀኝ።” ከብሩ እኩል ይጠቅመዋል።

ታዲያ እንዴት ይደራጃል?

ደስ የሚለው፣ እኛ መደራጀት አዲስ አይደለንም። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር ያለው ሕዝብ ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? በየከተማው ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የኮሚዩኒቲ ማዕከልና የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ይህን መጀመር ይችላል።

አንደኛ፣ ዝርዝር ያዙ። በአካባቢያችሁ አንደኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ የገቡ ስንት ናቸው? ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ያሉትስ? ሥራ ላይ ያሉ ኢንጂነሮችስ? አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ አሉ፤ አይተዋወቁም እንጂ።

ሁለተኛ፣ በቅርበት አገናኟቸው። ለአንደኛ ዓመት ልጅ የሚጠቅመው ሠላሳ ዓመት የሠራው ትልቅ ኢንጂነር ሳይሆን ባለፈው ዓመት ያንኑ ፈተና የወሰደው ልጅ ነው። ትልቁ ሰው በኋላ ለሥራ ፍለጋው ይደርሳል። ለሴቶች በተቻለ መጠን ሴት አማካሪ ይፈለግ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ ቀንና ሰዓት ይኑረው። “ስትቸገር ደውልልኝ” የሚባለው ነገር አይሠራም፤ የተቸገረ ሰው አይደውልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ። ሩቅ ያሉት በቪዲዮ ይገናኙ። መጀመሪያ የቤት ሥራ ይሠራ፤ ወሬው ራሱ ይመጣል። ወጣት ወንዶች በተለይ “ስሜትህን ንገረኝ” ሲባሉ ይሸሻሉ፤ አንድ የሰርኪዩት ጥያቄ አብረው ሲታገሉ ግን ሳያውቁት ያወራሉ።

አራተኛ፣ ለሁሉም ይሁን። “ለደካሞች ነው” ከተባለ ማንም አይመጣም።

አምስተኛ፣ ምሥጢር ይጠበቅ። የእኛ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ ዓርብ የተነገረ ነገር እሑድ ቡና ላይ ይደርሳል። ሲኒየሩ የሰማውን ለወላጅ፣ ለቄስም ሆነ ለሼኽ አይናገርም። ከዚህ ውጭ የሚሆነው የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ለልጁ ይነገረው።

ስድስተኛ፣ ሲኒየሩም ተማሪ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ልጅ በላይ አትጫኑበት። የከበደውን የሚያካፍለው አንድ ትልቅ ሰው ይኑረው።

የመጀመሪያው ንግግርስ ምን ይመስላል? ቀላል ነው። “ሰላም ነው? እኔ ሦስተኛ ዓመት ሜካኒካል ነኝ። አንደኛ ዓመት ላይ ፊዚክስ አሳሬን ነው ያበላኝ። አንተን አሁን የቱ ነው የያዘህ?” በቃ። የራሱን መውደቅ ያስቀደመ ሰው ፊት ሌላው አያፍርም። ከዚያ ሲኒየሩ ማንም ያልነገረውን ይነግረዋል፦ የቱ መምህር በቢሮ ሰዓቱ በደንብ ያስረዳል፣ ነጻ ቱቶሪያል የት አለ፣ ኮርስ ኤፍ ሳይሆን በደብሊው መጣል የሚቻለው እስከ መቼ ነው፣ የካምፓሱ ካውንስሊንግ ቢሮ የት ነው።

የጓደኛ እገዛ የሚያቆምበት ቦታ

ይህን በግልጽ እንናገር። ሲኒየር ሐኪም አይደለም። ልጁ ለሳምንታት ካልተኛ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተው፣ መብላት ካቆመ፣ ከሰው ሁሉ ከራቀ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ፣ ወይም “ባልኖር ይሻል ነበር” ዓይነት ነገር ካለ ጉዳዩ ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት። በቀጥታ ጠይቁት፦ “ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?” ብዙ ሰው “ብጠይቀው ሐሳቡን እሰጠዋለሁ” ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጥም፤ ይልቁንም ያሰበው ሰው ሸክሙን እንዲያወርድ በር ይከፍታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ አብራችሁት ደውሉ።

አሜሪካ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል የአደጋ ጊዜ መስመር አለ፤ መደወልም መልእክት መላክም ይቻላል፣ ለሚደውሉ አስተርጓሚም ይጠየቃል። ካናዳም ከኅዳር 2023 ወዲህ ይኸው 988 ነው። እንግሊዝ አገር 116 123 ላይ ሳማሪታንስ ሌትና ቀን ያነሳሉ። እዚያው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ራሳቸው ሌሊት ስልክ ይዘው የሚያዳምጡበት ናይትላይን የሚባል አገልግሎት አለ፤ በ1970 ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ሕይወት አፋፍ ላይ ከሆነ ደግሞ አሜሪካና ካናዳ 911፣ አውሮፓ 112 ይደወላል።

ስለ ጸሎትና ጸበልም እንናገር። እምነት ለብዙዎቻችን መጽናኛ ነው፤ ማንም ከልጁ አይንጠቀው። ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ስኳር ያለበት ሰው ጸበሉንም ኢንሱሊኑንም እንደሚወስድ ሁሉ፣ ድብርት የያዘውም ጸሎቱንም ሐኪሙንም ይያዝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

ለወላጆች አንዲት ጥያቄ

ብዙዎቻችን ስንደውል የምንጠይቀው “ፈተና እንዴት ነበር? ስንት አመጣህ?” ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን መልሱ “ደህና ነው” ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ጥያቄ እናስቀድም፦ “ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታጠናው?”

የሁለት ሰው ስም ከጠራላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ሲመጡ ቤት ጋብዟቸው፣ ዶሮ ወጥ አብሏቸው። “ብቻዬን ነው” ካላችሁ አትቆጡ። ስልኩን እንደዘጋችሁ ከምታውቋቸው ወላጆች መካከል ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ የደረሰ ልጅ ያለው ማን እንደሆነ አስቡና ለእሱ ደውሉ። ያ ስልክ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ሊረዳው ይችላል።

እናንተም በከተማችሁ እንዲህ ዓይነት የጥናት ጠረጴዛ ካላችሁ እንዴት እንደጀመራችሁት አካፍሉን፤ ለሌላው ከተማ ይጠቅማል።